የቦዢዳር ትንሿ ካፓሲተር

እሑድ፣ ኖቬምበር 3
የጠዋት ሽያጭ፦ ትራንስፎርመር ሁለት፣ የመበየጃ ስታኞ ሦስት ጥቅል፣ የሬዲዮ ቁልፍ አንድ እፍኝ። ዝናብ። እኔ ላይ ብቻ። ጣሪያው ሥር ያለውን ቦታዬን ቦዢዳር ከቀማኝ ሁለት ክረምት ሆነው። ዛሬም ሰላም አልተባባልንም።

ትልቅ የድምፅ ማጉያ እየገጣጠመ ነው። ለሚቀጥለው እሑድ፣ ለገበያው ሁሉ ሊያሰማ። ክዳን የለውም። እናቱ እማማ ስቶይና አጠገቡ ሹራብ ይሠራሉ። ክርናቸው ከሽቦው አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9
ሳልፍ የማጉያውን ውስጥ አየሁት። ሁለት ካፓሲተር፣ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ በተከታታይ አያይዟል፤ አንዷ 100 ማይክሮፋራድ፣ ሌላው 300። ሁለቱም የሚችሉት 450 ቮልት። ሊለቅባቸው ያሰበው 800።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በተከታታይ ሲያያዙ የሚይዙት ቻርጅ እኩል ነው። እኩል ውሃ በጠባብ ጣሳና ሦስት እጥፍ በሚሰፋ ድስት ቢፈስ፣ ጣሳው ውስጥ ሦስት እጥፍ ከፍ ይላል። ቮልቱም እንደዚያው። ትልቁ ላይ 200፣ ትንሿ ላይ 600። ትፈነዳለች... የማን ፊት ላይ? የእማማ ስቶይና።

ዝም ብልስ? ያ ጣሪያ ይለቀቅልኝ ነበር። አስቤዋለሁ።

ነገርኩት።
"ትንሿን አውጣት። ትፈነዳለች።"
"አራት መቶ ሃምሳና አራት መቶ ሃምሳ ስንት ነው? ዘጠኝ መቶ። መቶ ይተርፈኛል። መደመርም ጠፋብህ?"
"እኩል አይካፈሉትም። በ300 ቀይራት።"
"300 ያለው ማን ጋ ነው?"
እኔ ጋ ብቻ። እሱም ያውቃል።
"እማዬ፣ ስሚልኝ። ስቪለን ለነፍሳችን አስቦ መጣ። ዕቃው አልሸጥ ብሎት እኮ ነው። በግማሽ ቮልት ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል።"
በግማሹማ ትንሿ ላይ የሚያርፈው 300 ነው፤ ትችለዋለች። ማን ይሰማል?
"ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ቁጥሬን አሳታችሁኝ" አሉ እማማ ስቶይና፣ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ።

በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ስቪለንን አላምንም ነበር።

ከሰዓት፣ የአይብ ዳቦ (ባኒጻ) ሻጯ ጋ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ አልኩ፦ "ለቦዢዳር 300 ካፓሲተር አልሸጥም። እግሬ ላይ ቢወድቅም። ማጉያው ከሠራ ገበያዬን ይበላል።" ቦዢዳር ከጠረጴዛው ይሰማኝ ነበር፤ ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ስቶይና መጡ። 300 ፈልገው።
"ለጎረቤቴ ሬዲዮ ነው።"
"ምን ዓይነት ሬዲዮ ነው፣ እማማ?"
"የሚጮኽ።"
ያላወቅሁ መሰልኩ። እጥፍ ዋጋ ጠራሁ፤ ብቀንስ ይጠረጥራል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10
800 ለቀቀበት። አሁን ሁለቱም 300 ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 400። አልፈነዳም። ድምፅ ማውጫውን ወደ እኔ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ዘፈን አስጮኸብኝ።
"ስቪለን፣ ይሰማሃል ወይስ ልጨምርልህ? አልሸጥም ያልከው ዕቃ ነው የሚዘፍነው!"
ራሴን አመመኝ። 

ዕቃ ስሰበስብ እማማ ስቶይና በጠረጴዛዬ በኩል አለፉ።
"ትናንት ማታ ያወጣትን ትንሿን ይዞ ቁጭ አለ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። ከዚያ ተነስቶ የተቀመጥኩበትን ወንበር ከማጉያው ወደ ኋላ ጎተተው። ለስቪለን እንዳትነግሪ ብሎኛል።"
"አልነገሩኝም፣ እማማ።"

ነገ፦ ለጠረጴዛዬ የዝናብ ሸራ መግዛት።