የሁለታችን ሳንቲም

ለውድ ወንድሜ ለአድነው፣

ሰላምታዬ ከዳሞታ ተራራ ሥር ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ ይምጣልህ። እንዴት ነህ ወንድም ጋሼ? የእግርህ እብጠት ጎደለ? ከኩላሊት እጥበቱ ስትመለስ ምግብ ይበላልሃል ወይስ እማዬ እየለመነችህ ነው? «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን መስመር ዛሬ ዘልዬዋለሁ። ስልክህን እማዬ ስለምታነሳው ነው በወረቀት የጻፍኩልህ፤ ለብቻህ አንብበው።

ሰሞኑን ፕሮባብሊቲ እያስተማርኩ ነበር። ሁለት የብር ሳንቲሞች ወረወርኩና አንዱ አንበሳ መሆኑን አሳየኋቸው፤ ሌላውን በመዳፌ ከደንኩት። ተማሪዎቼ በአንድ አፍ፣ ቲቸር፣ ያ አንበሳ ከሆነ ይሄ ሚዛን ነው አሉኝ። ሳቅኩባቸው። ሁለቱም አንበሳ፣ ሁለቱም ሚዛን፣ የመጀመሪያው ብቻ አንበሳ፣ ሁለተኛው ብቻ አንበሳ ብዬ አራት ሳጥን ሣልኩላቸው። የታየው ሳንቲም ሁለቱን ሳጥኖች ይሰርዛል እንጂ ከቀሩት ለአንዱ አያዳላም፤ ሳንቲም ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው የለም አልኳቸው።

እማዬም የምትለው የተማሪዎቼን ነው። አባባን የገደለው በሽታ ላንተ ከደረሰ ለእኔ አይደርስም፤ እግዜር ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ አይነካም። ሐኪምህ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍና ያለመተላለፍ ዕድሉ ለእያንዳንዳችሁ እኩል በእኩል ነው፣ የአንዱ የሌላውን አይወስንም ብሎን ነበር። እኔ መምህሯ፣ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ትቼ የእማዬን አመንኩ።

ማክሰኞ ኩላሊቴን ለመስጠት እዚሁ ሶዶ ምርመራ ጀመርኩ። ሐኪሟ አልትራሳውንዱን አይታ ማያውን ወደ እኔ አዞረችው። በሁለቱም ኩላሊቶቼ እንዳንተው ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። ልሰጥህ አልችልም፣ ወንድሜ። በልጅነታችን ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን ለራስህ ታስቀር ነበር፤ ይሄ ግን እኩል ደረሰን። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ሹፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሂሳብ አልቀበልም አለኝ።

የእኔን ኩላሊት አትጠብቅ፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል። ቤተልሔም «ለባሌ እኔ ልስጥ» ስትል «እህቱ እያለች» ብላ የከለከለቻት እማዬ ናት፤ አሁን ትመርመር። ለእማዬ ቅዳሜ መጥቼ ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ እንቅልፏን ትተኛ።

ለቤተልሔም ሰላምታዬን አድርስልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ ከእኔ መሆኑን ሳትነግራት። ልጅህን ማኅሌትንም ግንባሯን ሳምልኝ። የእሷም ሳንቲም ከወደቀ ቆይቷል፤ መዳፋችንን ያላነሳነው እኛ ነን።

እህትህ ሙሉሐረግ
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.