የትሪው ማዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰማንያ ሦስት። ዛሬም ሰማንያ ሦስት። ሚዛኑን ወደ በሩ አስጠጋሁት፣ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሻሼን ፈታሁ። ሰማንያ ሦስት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

አመጣጤስ ደህና ነበር። ባሌ ሰይድ ዓምና በጥር ሲሞት የሐዘን ዒዳዬን አራት ወር ከዐሥር ቀን ቤት ተቀምጬ ስወጣ ቀሚሶቼ ሁሉ ጠበቡኝ። ከዚያ ስኳር አለብሽ ተባልኩ። ሻይ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ እርም፣ ምግብ በቀን አንድ ሺህ አምስት መቶ ካሎሪ። ከሰማንያ ዘጠኝ ስድስት ኪሎ እንደ ዋዛ ወረደ። ከዚያ ቆመ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ፣ ሲስተር ሙሉ፣ የምበላውን የምጽፍበትን ደብተር ገልብጣ አየች። ሰውነት ሲቀንስ የሚፈልገው ምግብም ይቀንሳል፣ የድሮው ልክ አሁን በዝቶብሽ ይሆናል አለችኝ። ወደ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አወረደችኝ። የሚቀጥለው ሰኞ ስኳሬን ትለካለች። ካልወረደ መርፌ እጀምራለሁ።

መርፌ! ሰይድን ስምንት ዓመት የወጋሁት እኔ ነኝ። ሆዱ ላይ ቦታ እስክናጣ ድረስ። ስኳሩ መጀመሪያ እግሩን ወሰደብን፣ ከዚያ ኩላሊቱን፣ ከዚያ ራሱን። መርፌው ዕድሜ እንደሰጠው እንጂ እንዳልነሣው አውቃለሁ፣ ሲስተርም ደጋግማ ነግራኛለች። ግን እጄ ያንን መርፌ ወደ ራሴ ሆድ ሲያዞር አይታየኝም። እፈራለሁ፣ አለቀ።

"ከስድስት ሳምንት በፊት ቤትሽ ምን ተለወጠ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ዶሮዎቼን ከመሸጤ በቀር ምን ተለወጠ? ይህን ደግሞ ለሐኪም አይነግሩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቁርስ፦ ሩብ ቂጣ፣ ባዶ ሻይ።
ምሳ፦ ግማሽ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ምስር።
ራት፦ ሩዝ በቡና ሲኒ ሁለት፣ ጎመን።

ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ዐይኔ ጭልም አለብኝ። አንዲት ሴት ለልጇ የፕላስቲክ ጫማ ስትጠይቀኝ ሁለቱንም የግራ አቀበልኳት። ሳቀች፣ እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

የሰይድ ወዳጅ ገበሬው አያ ጌጡ ከቁሐር ሚካኤል አዲስ ሩዝ ይዘውልኝ መጡ። አጨዳ ሲደርስ ለሰይድ በየዓመቱ ያመጡለት ነበር። አልቀበልም ብል፣ "እሱ ባይኖር እኔ አለሁ አይደል? በሞቴ፣ እንዳትመልሽብኝ!" አሉኝ። ተቀበልኩ። ለማን እንደምቀቅለው ግን አልጠየቁኝም።

ልጻፈው እንጂ፣ ደብተሩ የኔ ነው። ምሳም ራትም ትሪው ላይ የማቀርበው ለሁለት ነው። የኔ በበሩ በኩል፣ የሱ ማዶ፣ በግድግዳው በኩል። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ በልተናል፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ስበላ ማዶ ሰው ያለ ይመስለኛል። ቀና ብዬ አላይም። ቀና ካላልኩ አለ። አንዳንዴ የትንፋሹ ድምፅ ራሱ ይሰማኛል፣ ከምግብ በፊት ቢስሚላህ ሲል እንደነበረው። እብድ አይደለሁም። ቢሆንም ለማንም አልናገርም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሰማንያ ሦስት ከሁለት መቶ ግራም። ጨመርኩ! በአንድ ሺህ ሦስት መቶ ካሎሪ ጨመርኩ! ሚዛኑን በእግሬ ገፍቼ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ልጄ ሐያት ከባሕር ዳር መጣች፣ ትምህርት ቤት ሳምንት ዕረፍት ሰጥቷቸው ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትመጣ ይህ ሁለተኛዋ ነው። ገና በሩ ላይ "እማ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?" አለችኝ።

ምሳ አቀረብኩ። በግድግዳው በኩል ልትቀመጥ ስትል፣ "እዚያ አይሆንም" አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። በላን። እጇን ልትታጠብ ወጣች። ስትመለስ ትሪው ባዶ ነበር።

"እማ፣ የማዶውን ማን በላው?"

ትሪውን አንሥቼ ወደ ጓዳ ዞርኩ።

"እኔ አልነካሁትም። ድመት የለንም። ዶሮዎቹስ?"

መስከረም መጨረሻ ላይ ሸጥኳቸው አልኳት። ደብተሬን አንሥታ ሳምንቱን በጣቷ ቆጠረች። ስድስት ከምናምን። እንድትስቅብኝ ፈልጌ ነበር፣ አልሳቀችም።

እውነቱ ይኸው። መጀመሪያ የሱን ለዶሮዎቹ እሰጥ ነበር። እነሱ ከሄዱ በኋላ መድፋት አቃተኝ። የሱን ድርሻ እንዴት ቆሻሻ ላይ እጥላለሁ? ትሪውን ሳነሣ፣ ቆሜ፣ ወደ ግድግዳው ዞሬ እበላዋለሁ። አልጽፈውም። የኔ አይደለማ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሐያት እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሁሉንም ለሲስተር ሙሉ ነገረችልኝ፣ እኔ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ። ሲስተር በወረቀት ደመረች። የማዶው ብቻውን በቀን ስምንት መቶ ገደማ ሆነ። እኔን እያስራብን ሙት ስንቀልብ ከርመናል ማለት ነው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሲስተር እንዲህ ያለ ነገር አይወጣትም።

"አንድ ሺህ ሦስት መቶው ቀርቷል" አለች። "ለራስሽ ጨምሪ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ይሁን። ግን ተቀምጠሽ፣ ከአንድ ወገን ብቻ።"

ጨምሪ ስትለኝ እንባዬ መጣ። ስኳሩ ነው ብላ መሰለኝ ውሃ ሰጠችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለሐያት ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሰይድ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ምሳ ሩዝ ነበር። የሱን በሲኒ ለክቼ አቀረብኩለት። ጨርሶ፣ "ትንሽ ጨምሪልኝ" አለ። አይቻልም አልኩት። እንደገና ለመነኝ፣ ሰይድ ለማኝ አልነበረም። ትሪውን ከፊቱ አንሥቼ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ማታውን አልተነጋገርንም። በማግስቱ ጧት ሞተ። ተርቦ ሞተ። እኔ አስርቤ ነው የሸኘሁት።

ሐያት እጇን ከእጄ አወጣች። ቀድማኝ ሄደች። መንገዱ መሀል ቆሜ ቀረሁ፣ ባለባጃጁ ጮኸብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከተማው ነጭ ለብሶ ወደ ቁሐር ሲወርድ ዋለ። ሱቅ ጭር አለ። ሐያት ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። የአባቷን ረሃብ በኔ ቆጥራው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ልክ ናትም አልኩ።

ከጁምዓ በኋላ ሱቅ መጣች። የበሩን አንድ ክንፍ ዘጋች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"አባ አልተራበም" አለችኝ።

አልገባኝም።

"አንቺ ሱቅ ስትሄጂ ጠራኝ። ከድስቱ ሰጠሁት። ሁለት ጭልፋ። ማርም አድርጌበታለሁ፣ እሱ ነው ያለኝ።" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እማ።"

ዐሥር ወር ተሸክማዋለች። ቤት መምጣት የጠላችውም ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ የራሴን ጸጸት ስቀልብ።

መጀመሪያ የተሰማኝን እጽፋለሁ፣ ያሳፍራል ግን እጽፋለሁ። ደስታ ነው። በልቷል! ከዚያ ነው ልጄን ያየኋት። ሱቁ መሀል ቆማ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች።

ጎትቼ አቀፍኳት። እሷ የማታውቀውን ነገርኳት። ኩላሊቱ እንደማይመለስ፣ የቀረው የቀናት ዕድሜ እንደሆነ ሐኪሙ ሳምንት ቀድሞ ለኔ ብቻ ነግሮኝ ነበር። "ያንቺ ሩዝ አልገደለውም። የኔ ክልከላም አያድነውም ነበር" አልኳት። ይህን ስናገር ራሴን ሰማሁት። ቀኑ ማለቁን እያወቅሁ ሩዝ በሲኒ የለካሁ ሰው ነኝ። ለምን? እጄ ሥራ እንዳይፈታ ይመስለኛል። መለካት ካቆምኩ ይሞታል ብዬ ይመስለኛል።

"ጣፈጠው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ሳህኑን በጣቱ ጠረገው። 'እናትሽ እንዳትሰማ' አለኝ።"

ሳቅን። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን። አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ አይቶን ተመለሰ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትናንት ራት ላይ ሐያትን በግድግዳው በኩል አስቀመጥኳት። ቀና ብዬ አየሁ። ልጄ ናት፣ አገጯ ላይ ሩዝ ተጣብቋል። ሌላ ማንም የለም። ይቀልለኛል ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም። ቤቱ ሰፋብኝ። አሁን ነው የሞተው ማለት ይቻላል።

ሚዛን ላይ አልወጣሁም። ሰኞ ስኳሬ ይለካል። መርፌው ይምጣ ይቅር አላውቅም። ከመጣም ሐያት እኔ እወጋሻለሁ ብላለች።

ዛሬ ጧት ሆዴን የሚሞረሙረኝ ነገር ቀሰቀሰኝ። ደነገጥኩ። ስኳሩ ነው፣ ጨርሶ ሊጥለኝ ነው ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አልጠፋም። እንደገና ሞረሞረኝ። ምን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ከጥር ወዲህ አግኝቶኝ አያውቅማ።

ሐያትን ቀሰቀስኳት።

"ርቦኛል" አልኳት።