ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽኝ ነው? ልጆቹስ? ትንሿ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ ባውቅም፣ ሰላምታ በዚህ ስለሚጀመር ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። ስትደውዪ «እጽፍልሻለሁ» እያልኩ የዘጋሁብሽ ንቄሽ አይደለም። አማችሽ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ጆሮው ግድግዳ ያልፋል፤ ቤት ውስጥ የልብ ማውራት ቀርቷል። ይህን የምጽፍልሽ መጋረጃ ከምሰፋበት ክፍል፣ በምሳ ሰዓት፣ ክንዴን ማሽኑ ላይ አስደግፌ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

«ተይውና ነይ፤ የኋላውን ክፍል አስለቅቄልሻለሁ፤ እጅ ያላት ልብስ ሰፊ ሥራ አታጣም» ብለሽኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን የሆነውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ለሌላ ለማንም አልተነፈስኩም።

ባሌ ደህና ሳለ እሁድ እሁድ ከብስክሌት ክበቡ ጓደኞቹ ጋር ገጠር ለገጠር ሲነዳ ይውል እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔም እሁድን የምወደው ለዚያው ነበር፤ ቤቱ የኔ ይሆናል፣ እግሬን ሰቅዬ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። ብስክሌት ወድጄ አላውቅም። ልጆች ሳለን አንቺ ስትነጂ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ «ቀስ በይ!» እያልኩ የማለቅስ ነበርኩ።

ያ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃኑን ከዳር ከዳር በልቶ ሲጨርስበት፣ ዓመት ያህል ከሳሎኑ ወንበር አልተነሳም። አንድ ቀን የክበቡ ሰዎች ተሰብስበው መጡና በራችን ላይ ረጅም ቀይ ብስክሌት አቆሙ። ሁለት ሰው የሚነዳው ነው። ከፊት ያለው ይመራል፣ ከኋላ ያለው ይገፋል። ጋሽ ፍሬን የሚሏቸው የክበቡ ሽማግሌ (ቁልቁለት ላይ ሁሌ ፍሬን ስለሚይዙ ነው ስሙ የወጣላቸው) እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «ከእንግዲህ ዓይኑ አንቺ ነሽ» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ጎረቤቱም ወጥቶ አጨበጨበ። አማችሽ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ጥርሱ ታየ። እታለሜ፣ «ትችያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። አንዴ ከተጨበጨበልሽ በኋላ «እምቢ» በየት በኩል ይወጣል?

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ከሥራ ስመለስ ሄልሜቱን አጥልቆ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ «ዛሬ ንፋስ የለም፤ እንሂድ» ይላል። ከከተማው ጫፍ ወጥተን ጠባቧን አስፋልት እንይዛለን። መኪና አይበዛባትም፤ አልፎ አልፎ ትራክተር ቢመጣ ነው። መጀመሪያ ጫካው አለ፤ ዛፎቹ ከላይ ገጥመው መንገዱን ጣሪያ ያለው ኮሪደር ያስመስሉታል፣ አየሩ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ከዚያ ጫካው ቁርጥ ይልና ገላጣው ሜዳ ይመጣል። ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ ብቻ፣ ሐምራዊ አበባውን ደፍቶ፣ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። ሰው ከሩቅ ቢያየን ገነት ውስጥ የምንንሸራሸር ይመስለዋል።

እኔ ግን የማየው አስፋልቱን ብቻ ነው። «ጉድጓድ በግራ! ጠጠር! ኩርባ!» እያልኩ መለፍለፍ ነው ሥራዬ። ለምዶብኝ ገበያ ስሄድ እንኳ ብቻዬን «ጉድጓድ!» እላለሁ፤ ሰው ዞር ብሎ አይቶኝ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል። እሱ ደግሞ ከኋላ ሆኖ «ማርሽ ቀይሪ፤ ፍሬኑን አትነካኪው፤ ትከሻሽን ልቀቂ» ይለኛል። ያልነገርኩሽ ነገር፣ የሁለታችን ፔዳል በካቴና የተያያዘ ነው። እሱ ከገፋ የኔም እግር ወደደም ጠላም ይዞራል። ሰው እግር ከወርች ታሰረ ሲባል ባለበት የሚቀር ይመስለኝ ነበር። እየሄዱም መታሰር አለ ለካ።

ምርቃቱ ደግሞ አለ። ፍራፍሬ ሻጯ ባለፍን ቁጥር «እንዳንቺ ያለች ሚስት ለጠላቴም አይንፈገው!» ትላለች። የባንኩ ዘበኛ ከወንበሩ ተነስቶ ኮፍያውን ያነሳልኛል። ሰው ቢሰድበኝ እሸሸው ነበር፤ ከሚመርቅሽ ሰው ወዴት ይሸሻል?

ክፉ ሰው ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እጁን አንስቶብኝ፣ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ክፉማ ቢሆን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ ደጅሽ ላይ በተገኘሁ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳችን ወጣን። ሜዳው መሀል ስንደርስ ካቴናው ወለቀ፤ ወረድን። ካቴና መመለስ ለሱ ቀላል ነው፣ በጣቶቹ ያያል። ተንበርክኮ መዳበስ ሲጀምር እኔ እጄን የነካኝን የካቴናውን ግራሶ ሣር ላይ ልጥረግ ብዬ ከመንገዱ ወጣሁ። ጠረግኩ። ከዚያ ትንሽ ራቅ አልኩ። ከዚያም ትንሽ። እግሬን የሚያዞረው ፔዳል የለም። ቁጥቋጦው መሀል ቆሜ ያንን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ለካ ንብ ሞልቶታል። ሩቅ፣ ጭስ የምትተፋ አንዲት ቤት አለች።

«በቃ፣ ገብቷል፤ ነይ» አለ።

አልመለስኩለትም። «የት ነሽ?» አለ። አንገቱን አዞረ፤ ያዞረው ግን እኔ ወደሌለሁበት ነው። ልሂድ ብዬ አልወሰንኩም፣ አልሄድም ብዬም አልወሰንኩም፤ «መጣሁ» የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ እንጂ። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። ብስክሌቱን እየዳበሰ ወደ ፊተኛው ኮርቻ መጣ፣ እግሩን አሻግሮ ተቀመጠ፣ መሪውን ጨበጠና መሬቱን በእግሩ ገፋ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ብቻውን፣ ባዶ ኮርቻ አስከትሎ ነጎደ። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ወገቡን ጎንበስ፣ ክርኑን ሰብሰብ አድርጎ፣ እሁድ ጠዋት በመስኮት ስሸኘው የነበረውን ሰው መሰለኝ። ድምፄ የወጣው ያኔ ነው። ቁጥቋጦው ሱሪዬን እየቧጨረው ሮጥኩ። መንገዱ ታጠፈ፤ እሱ አልታጠፈም።

ስደርስ በጀርባው ተንጋሎ አገኘሁት። ቅንድቡ ተሰንጥቋል፣ ክንዱ ተልጦ ደም ይወርደዋል። «የት ነበርሽ?» አላለኝም። «ከፊት ሲሆኑ ንፋሱ ሌላ ነው፤ ረስቼው ነበር» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያንቺን ጀርባ ነው የማሸተው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበት። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የፊት ጎማው ስለተጣመመ ብስክሌቱን እየገፋን በእግራችን ተመለስን። ጫካው ውስጥ ስንገባ፣ ክንዴን እንደያዘ፣ «ቁጥቋጦው ውስጥ መቆምሽን አውቄ ነበር» አለኝ። «ልብስሽ ሲነካው ይሰማል። ወደ ሌላ የዞርኩት ሆን ብዬ ነው፤ ያየሁሽ እንዳይመስልሽ፣ መሄድ ከፈለግሽ እንድትሄጂ ብዬ። ከዚያም አልሄድ አልሽ። እኔ እዚያ ቆሜ አትሄጂም። እንግዲያው እኔ ልሂድላት አልኩ።»

«ጉድጓድ በግራ» ብዬ አሻገርኩት። ትንሽ ቆይቶ «እህትሽ ነይ ብላሻለች፣ አይደል?» አለኝ። «ማን ነገረህ?» ስለው፣ «ያ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን አንስተሻት አታውቂም» አለ። ከዚያ፣ ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደሚል ሰው ድምፁን አለሳልሶ፣ «ሂጂ። ለሰዉ እኔ ነኝ ያባረርኳት እላለሁ። ያጨበጨቡትን እኔ እችላቸዋለሁ» አለኝ።

እታለሜ፣ «አትሂጂ» ብሎኝ ቢሆን ይኸኔ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

ለጎረቤት «ጠግቤ ፊት ልቀመጥ ብዬ ነው የወደቅኩት» ብሎ አወራ። እኔ ቁስሉን ስላሰርኩለት እንደገና ተመረቅኩ። ጋሽ ፍሬንም መጥተው «ጎማውን ቶሎ እናስመጣለን፣ አይዞሽ!» አሉኝ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ብስክሌት አላነሳም። ከሥራ ስገባ በር ላይ አይቆምም፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እግሬን ያዳምጣል። ቁም ሳጥን ስከፍት ትንፋሹን ይይዛል። መልሼ ስዘጋው ይተነፍሳል። የተከፈተ በር እንዲህ ይከብዳል ብሎ ማን ነገረኝ? ተዘግቶ ሳለ ቢያንስ መግፋት ነበረ።

የመጋረጃ ሱቃችን ባለቤት ቁልፏን እያንቃጨለች ነው፤ ምሳ ሰዓቱ አለቀ። ወገብሽን ይጠግንልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ያንን ክፍል ያሰበልኝን ልብሽን ከክፉ ይሰውርልሽ። አስለቅቄዋለሁ ያልሽውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ አደራ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ ድሮ ስመጣ ልብ አላልኩትም። የክፍሉ መግቢያ ደረጃ አለው? ካለው በጎኑ እየዳበሱ የሚይዙት ነገር ተሠርቶለታል? ካልተሠራለት አናጢ ቢጠራ ይከፋሻል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ