ዌስ ጓንቱን የጣለ ዕለት

ካርዴል፣ እሑድ ጃንዋሪ 11 ቀን 1987

ውድ ጋርኔት፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቤቱ ይሞቃል፣ መኪናዋ በዚህ ብርድ እንኳ ትነሳለች፣ የእናትህም ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብብ። ያልደወልኩልህ በማዕድን ካምፑ ስልክ ከኋላህ ተሰልፎ ተራ በሚጠብቅ ሰው ፊት እንዳንጣላ ብዬ ነው። ደብዳቤውን የስታን የእህት ልጅ ነገ በሠራተኞቹ አውሮፕላን ይዞልህ ይመጣል።

ተኮራርፈን እንደተለያየን አልረሳሁም። «ዌስ ሃያ ዓመት ሞልቶት የተቀያሪ ወንበር ከሚያሞቅ እኔ ጋ ማዕድን ማውጫው ይግባ» ስትል እኔ ደግሞ የመለስኩልህን መልሻለሁ። ዕረፍትህን ወደ ቤት ሳትመጣ እዚያው ስታሳልፍም ዝም አልኩህ። አንተ ግትር፣ እኔ ካንተ የባስኩ። ያ ሁሉ ግን ዛሬ ይቆየን።

ትናንት፣ ቅዳሜ፣ አሰልጣኙ የዓመቱን የመጨረሻ የተጫዋቾች ስም ለበረዶ ሆኪ ሊጉ የሚልክበት ቀን ነበር። ጆኤል እስካሁን በጊዜያዊነት ነው ሲጫወት የቆየው፤ እሱ ይመዝገብ ከተባለ ከትልልቆቹ አንድ ሰው መውጣት አለበት። ወይ የእኛ ዌስ፣ ወይ ሎይድ። ጆኤልን ደግሞ አንተው ራስህ ነህ የዓሣ ማጥመጃህን ከምድር ቤቱ ክፍል አውጥተህ ያስገባኸው። ክለቡ ከሩቅ ያመጣውን ልጅ አላሳድርም የሚል ቤት በካርዴል የለ፤ ለእኛ የደረሰን እሱ ሆነ። እንግዲህ የልጄን ቦታ የሚወስደውን ልጅ እኔው አበላዋለሁ፣ ልብሱንም እኔው አጥብለታለሁ። ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። የበላበትን ሰሃን ሳያጥብ አይነሳም።

አርብ ማታ ከሮስቪል ጋር ነበር ጨዋታው። የተለመደው ቦታዬ ላይ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ፀጉር አስተካካዩ ኦርቪል፣ ከጎኑ ስታንና ሚስቱ ኤድና። ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ተጀመረ።

«ማርሊስ፣ አትቀየሚኝና» አለ ኦርቪል። እንዲህ ካለ ሊያስቀይመኝ ነው ማለት ነው። «ዌስ ጨዋ ልጅ ነው። ግን ጎል ካገባ ስንት ጊዜው? በረዶው ላይ ሲወጣ እኮ መንገድ የጠፋው ሰው ነው የሚመስለው። ለወጣቶቹ ቦታ እንልቀቅላቸው። ያንን የቤትሽን ልጅ እዪው፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ያቺ ክብ የመጫወቻ ጎማ ከዱላው ጋር ተሰፍታ ነው የምትሄደው።»

«ወጣት ወጣት አትበለን» አለ ስታን። «አምና ያንን ፀጉረ ቀይ ልጅ ‹የነገ ተስፋችን› ስትለን አልነበር? የጥሎ ማለፉ ጊዜ ሲደርስ ሰው ሲጠጋው ዓይኑን ይጨፍን ጀመር። በዚያን ሰዓት የሚያስፈልግህ ጠባሳ ያለው ሰው ነው።»

«ጠባሳ ጎል አያገባም።»

«አንተም ይኸው ስንት ዓመትህ የሰው ጆሮ ስትቆርጥ፤ ማን ከሥራ አስወጣህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤድና ሹራቧን እየሠራች ቀና ሳትል «እናቱ እኮ ፊታችሁ ተቀምጣለች፤ ትንሽ እንኳ አታፍሩም?» አለቻቸው።

«እሷማ ጨዋታውን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች» አለ ኦርቪል። «እስቲ አንቺ ፍረጂ ማርሊስ። አሰልጣኝ ብትሆኚ ማንን ታስወጫለሽ?»

«አንተን» አልኩት። «ከነወንበርህ።»

አብሬያቸው ሳቅኩ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። ጆኤል ይሻላል። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው። ዌስም ያውቀዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር። ከዚህ ቡድን ከወጣ ሌላ የሚወስደው ቡድን የለም፤ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የለፋበት ነገር በሃያ ዓመቱ ያበቃል። ይኼ ነው እንግዲህ ጭንቁ።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ዌስ ከወንበሩ አልተነሳም። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ጆኤል ሁለት ጎል አገባ፤ ኦርቪል ትከሻዬን በጣቱ እየነካ «አየሽ? አየሽ?» ይለኛል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ላይ ያ የሮስቪሉ ግዙፍ፣ ክሩገር የሚሉት፣ ጆኤልን ከኋላው መጥቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። ልጁ ወደቀ፤ ወዲያው አልተነሳም።

ዌስ አጥሩን ዘሎ ሲገባ አየሁት። ልጅህን ታውቀዋለህ፤ ትምህርት ቤት እንኳ ተደባድቦ አያውቅም። ግን ጎል የማያገባ ልጅ ቦታውን የሚያቆይበት ሌላ መንገድ ድብድብ ብቻ መሆኑን እዚህ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ክሩገር ፊት ሄዶ ቆመና ‹ና ግጠመኝ› ለማለት ጓንቱን ጣለ።

ልዋሽህ አልፈልግም ጋርኔት። ቆሜ ጮህኩ። «በለው» አልኩ፣ በዚህ በቤተ ክርስቲያን በምዘምርበት አፌ። ክሩገር በአንድ እጁ ማሊያውን ጨምድዶ በሌላው ደጋግሞ ሲመታው፣ ዌስም እየተመታ ሲመታ፣ የራስ ቁሩ ወልቆ ሲንከባለል አየሁ፤ አሁንም እጮሃለሁ። ከዚያ ተያይዘው ወደቁ። የዌስ ጭንቅላት ከሥር ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ መጣ።

ተነሳ። ፊቱ በደም ተለውሶ፣ እጁን ወደ ላይ አነሳ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ ብሎ ስሙን ይጠራ ጀመር። «ዌስ፣ ዌስ፣ ዌስ» ይላሉ፤ ከዚያ በፊት ስሙ በዚያ ቤት ሲጠራ የሰማሁት ሲያሙት ብቻ ነው። ኦርቪል ከኋላ አቅፎ ጭንቅላቴን ሳመኝ። ኮራሁ። እንባዬ መጣ፤ የኩራት እንባ ነበር።

የክለቡ ሐኪም ጣቶቹን አሳይቶ «ስንት ናቸው?» አለው፤ ዌስ በትክክል ቆጠረ፤ «ደህና ነህ» ተባለ። ቅዳሜ አሰልጣኙ የሁለቱንም ስም፣ የዌስንም የጆኤልንም ላከ። ሎይድ ወጣ፤ እናቱን ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አይቻት ሰላም ለማለት እንኳ አፈርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዌስ መጋረጃውን ዘግቶ ተኝቶ ዋለ። ብርሃኑ ያመኛል አለ። ሾርባ ሰጠሁት፤ አስመለሰው። ሰሃን ሳጥብ ጆኤል አጠገቤ መጥቶ ፎጣውን ይዞ ቆመ፤ ምንም አያደርቅም።

«እትዬ ማርሊስ» አለኝ፤ «አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ግን እኔ እንደነገርኩ ለዌስ እንዳይነግሩት።»

«ተናገር።»

«ትናንት ማታ ስንመለስ እሱ ነበር የሚነዳው። ቤቱን አልፎት ሄደ። ዞረና እንደገና አለፈው። ከዚያ ቆመና ‹የእኛ የቱ ነው?› አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።»

እጄ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ተወልዶ ያደገበት ቤት ነው እኮ።

ሄጄ ጠየቅኩት። «ምንም አልሆንኩም እማ» አለኝ። «ሁሉም ሰው ጭንቅላቱን ይመታል። ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ ‹ይኼው፣ አላልኩም ነበር?› ይላል። ስሜን ሲጠሩ ሰማሽ አይደል?» ሰምቻለሁ አልኩት።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወንዶቹ ከበቡኝ። ኦርቪል የዌስን ፀጉር ከእንግዲህ በነፃ ነው የማስተካክለው ይላል። ማክሰኞ ሮስቪል ላይ የመልስ ጨዋታ አለ፤ ክሩገር «ልጁን ላኩልኝ» ብሏል አሉ፤ እነሱ ደግሞ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሊሄድ ተመዝግቧል።

«ጠባሳ አላልኳችሁም ነበር?» አለ ስታን፣ ደረቱን ነፍቶ።

«እኔስ ወጣቱን አጫውቱት አላልኩም?» አለ ኦርቪል። «ሁለታችንም ልክ ነበርን። ጎሉን ጆኤል ያገባል፤ ዌስ ደግሞ ጆኤልን የነካውን ይነካል። ተገላገልን።»

«በየጨዋታው?» አልኩት።

«ታዲያስ። ሥራው እኮ ነው።»

ከመስከረም ጀምሮ ሲነታረኩ የከረሙት ሰዎች በልጄ ጭንቅላት ላይ ታረቁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንተም ታውቃቸዋለህ፤ ያኔ ጎተራችን ሲቃጠል መጀመሪያ የደረሱት እነሱ ናቸው። ይኼ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ቤት አልገባሁም፤ በቀጥታ አሰልጣኙ ቤት ሄድኩ። ምሳ ላይ ነበር። «ዌስ ማክሰኞ አይጫወትም» አልኩት ቆሜ።

«ቁጭ በይ እንጂ ማርሊስ። ሐኪሙ አይቶታል እኮ።»

«ሐኪሙ ጣት ነው ያስቆጠረው። ልጄ ቤቱ ጠፍቶታል።»

ፈገግ አለ። በክፋት አይደለም፤ ስንት እናት እየመጣች አልቅሳበታለች። «ልጁ ራሱ አጫውተኝ እያለኝ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው። እናት ሁሌም ትፈራለች።»

እዚያ ቤት የእናት ቃል ሚዛን እንደማይደፋ ገባኝ። ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለህ? «እኔ አይደለሁም» አልኩት። «ጋርኔት ነው። ጋርኔት ከልክሏል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። አብራችሁ የተጫወታችሁ ሰዎች ናችሁ፤ አፍንጫህ የተሰበረ ዕለትም ከበረዶው ላይ ያነሳህ እሱ ነው።

«ጋርኔት እንዲህ አለ?»

«በገዛ አንደበቱ። ዌስ ከዚህ በኋላ አንድም ቀን አይወጣም ብሏል።»

ሰሃኑን ገፋ አደረገው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ቦታውን ግን ላቆይለት አልችልም። ይኼንንም ንገሪው።» ወጥቼ መኪናዋን አስነስቼ ወደ ቤት ነዳሁ።

እኔ ቤት ሳልደርስ ለዌስ ደውሎለት ኖሯል። ኩሽና ውስጥ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «አባዬ ነው?» አለኝ። በዚያች ሰዓት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። «አዎ፣ አባትህ ነው» አልኩት። ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ጣለው። «አንዲት ጨዋታ ሳያይ! እዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ!» አለ። «ሐሙስ የስልክ ተራው ሲደርስ ካምፑ ደውዬ ከራሱ አፍ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አባት የለኝም» አለና በሩን ዘግቶ ገባ።

እንግዲህ የምለምንህ ይኼን ነው። ሲደውልልህ «አዎ፣ እኔ ነኝ የከለከልኩህ» በለው። ይጮህብሃል፤ ቻለው። እኔን ከጠላኝ ወደ ክፍሉ አያስገባኝም፤ ካላስገባኝ ደግሞ ማን ያየዋል? አንተን ይጥላህ፤ አንተ ሩቅ ነህ፣ ትከሻህም ሰፊ ነው። ሳላማክርህ በስምህ ተጠቀምኩ፤ ልትቆጣኝ ትችላለህ፤ ስትመጣ ተቆጣኝ። ልክ ነበርክ የሚል ቃል ግን ከእኔ አትጠብቅ፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ አልጽፈውም።

እግዚአብሔር ከዚያ ጨለማ በሰላም ያውጣህ፣ መሬቱን ከላይህ ያጽናልህ። እናትህም ትመርቅሃለች፣ ጆኤልም እጅ ይነሳል...

እዚህ ላይ ስደርስ ዌስ ገባ። ፊቱ ረጋ ብሏል። ውኃ ቀድቶ ጠጣና «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ለአባትህ አልኩት፤ ወንበር የሚወረውር መስሎኝ ተነሳሁ። እሱ ግን ጉንጬን ሳመኝና «ሰላም በይልኝ። ማክሰኞ እንደምጫወት ጻፊለት፤ ደስ ይለዋል» አለኝ። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላውም አባት የለኝም ካለ። አንድም ነገር አያስታውስም።

ሐሙስን አትጠብቅ። ላይደውልልህ ይችላል። ነገ ይኼን ደብዳቤ ባመጣልህ አውሮፕላን ተሳፍረህ ና።

ያንተው ማርሊስ