ሰው አልባው ጄትና የእማዬ ምርቃት

ለምወድህ ወንድሜ ለመሳይ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ? ከፍታ ላይ ጆሮህን የሚደፍንህ ነገር ተሻለህ? የአየር ኃይሉ የበረራ ሥልጠናስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ ስለማይፈቀድላችሁ እንጂ ይህን ወሬ በጽሑፍ አልጠብቅም ነበር፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው!

ሞተሩ ሠራ! ለመመረቂያዬ ሰው አልባ የጦር ጄት እንደመረጥኩ ነግሬሃለሁ። ሙሉ አውሮፕላን ከየት ይመጣል? ንድፉንና አንድ ትንሽ የጄት ሞተር ነው የሠራሁት። ጊንጆ ጋራዥ ያለው ሙሐመድሳኒ ከአሮጌ አይሱዙ የወለቀ ቱርቦ፣ ያን ለሞተሩ አየር አፍኖ የሚነፋውን፣ ሰጠኝ፤ አብረን በየድነውና ቅዳሜ በጋዝ ለኮስነው። እየተነሣ ይጠፋብን ጀመር። ተስፋ ልቆርጥ ስል አፏጨ፣ ከዚያ አገሳ! ባጃጆች ቆሙ፤ ጎረቤቱ «ማል ኩኒ? ምንድን ነው ይሄ?» እያለ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሙሐመድሳኒ መፍቻውን ጥሎ «አላሁ አክበር!» አለ፤ ሚስቱ ሀጂራ ከሱቋ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። ምነው በነበርክ!

ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲ ሳቀርብ እማዬና አባባ መጡ። አሜሪካኖች አምና እንዲህ ያለውን ጄት ያለ አብራሪ ባሕር ላይ በምትሄድ መርከብ ላይ እንዳሳረፉት ተናገርኩ። በፕሮፔለር ከሚበሩት ድሮኖች እንደሚፈጥን፣ ከራዳር ተሰውሮ ሚሳይል ወደሚጠብቅበት ሰማይ ቀድሞ ገብቶ እንደሚሰልልና እንደሚመታ አስረዳሁ። «ተመትቶ ቢወድቅ እንኳ ውስጡ ሰው የለም» ስል እማዬ ብድግ ብላ እልል አለች! «በቃ፣ ልጄ ከአውሮፕላኑ ይውረድልኛ!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አባባ ነጠላዋን ቢጎትት ማን ሊሰማው። አንተ ወደ ሥልጠናው ስትሄድ ሳትመርቅህ ጓዳ ገብታ የቀረችው እኮ መውደቅህን ፈርታ ነው።

ቤት ስንመለስ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ አጠገቤ ተቀመጠች። በኋላ «ናርዲ፣ ያ ያልሽው አውሮፕላን ከታች ልብስ የምታሰጣ ሴት ቢያይ ይመለሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። የሚያዘው ሰው ሩቅ ተቀምጦ በስክሪን እንደሚያይ፣ ወደፊት ግን ራሱ እንዲወስን የሚፈልጉ እንዳሉ ነገርኳት። አሰበች፣ አሰበችና «መሳይ ይመለሳል። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ልጅ ነው። እንግዲያው እዚያው ይቆይ፤ ምርቃቴን ጻፊለት» አለችኝ። ይኸው በራሷ ቃል፦ «ክንፍህ አይታጠፍ። ዓይንህ አይሳት። እጅህን ከንጹሕ ሰው ደም ጠብቆ በሰላም ያውርድህ።»

አባባ «ምግብህን በደንብ ብላ» ይልሃል። ትንሿ እህታችን ፍቅር ጉንጭህን ትስማለች። ሙሐመድሳኒና ሀጂራም «ኢንሻአላህ በሰላም ያገናኘን» ብለዋል። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ እያነበብኩላት ነው፤ «አሜን ማለቱን እንዳይረሳ በዪው» ትላለች።

እህትህ ናርዲ
ጅማ፣ ጊንጆ
ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.