የኦቦ ጆቴ ኢዶሳ ዕረፍትና በመደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ

የነቀምቴ የሕፃናት ምግብ አዘጋጆች ማኅበር፣ የጥራት ፍተሻ ኃላፊው የነበሩት ኦቦ ጆቴ ኢዶሳ ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለወለጋ ሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። በየቤታችን ባዶ የቀረ ወንበር ያለን ሰዎች ይህን ቃል ለመጻፍ ብዕር ማንሣት ምን ያህል እንደሚያቅት እናውቃለን።

ኦቦ ጆቴ በ1949 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም ከአዲስ አበባ የወተት ሥራ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ተወለዱበት ከተማ ተመለሱ። ያን ጊዜ የኦቾሎኒ ወተት፣ ማለት የተፈጨ ኦቾሎኒና የተቆላ እህል ዱቄት በውሃ አፍልተን በጠርሙስ እንሞላ ነበር። ጠርሙሱ ሲያድር ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዱቄቱ ይዘቅጣል፣ መካከሉ ውሃ ይሆናል። ቀድሞ የተቀዳለት ልጅ ውሃ ጠጥቶ ተርቦ ይተኛል፤ መጨረሻ የደረሰው ዝቃጩን ይውጥና ሆዱ ይነፋል።

በ1952 ዓ.ም. የፍተሻውን ሥርዓት ዘረጉ። ከእያንዳንዱ ድስት አንዱ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ሳይነካ ይቆማል፣ አንዱ ምድጃ አጠገብ ይሞቃል፣ አንዱ በአውቶቡስ ሲሬ ከተማ ደርሶ ይመለሳል። ሳይለያይ የቆየ ድስት ብቻ ይላካል። አስቸጋሪዎቹ እኛው ነበርን። ጠርሙስ ያነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ያያል። «መጀመሪያ እይ እንጂ! ከነቀነቅከውማ መለያየቱን ደበቅክብኝ» ይሉን ነበር ኦቦ ጆቴ።

በ1955 ዓ.ም. ዱቄቱ ሁለት ጊዜ ተፈጭቶ በወንፊት እንዲያልፍ፣ የተቀቀለ ተልባ ውሃም ጥቂት እንዲጨመርበት አደረጉ። ቅልቅሉ ከዚያ ወዲህ ተያይዞ ይቆይ ጀመር።

በዚህ በ1958 ዓ.ም. ጥር ወር ኩፍኝ ላደከማቸው የኑኑ ቁምባ ወረዳ ሕፃናት ምግብ እንድንልክ ተጠየቅን። ድስቱ ግን ከአዲስ ወፍጮ በመጣ ዱቄት የተሠራ ነበር፣ ፍተሻው ገና አላለቀም። ሊቀመንበሩ አቶ አበጋዝ ተቻኩለው «ኦቦ ጆቴ፣ ይጫን። መንገዱ ራሱ ይበጠብጠው የለ?» አሏቸው፤ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። «መንገዱስ ይበጥብጠው። ኑኑ ቁምባ ደርሶ ሲቀመጥ ማን ይበጠብጥልሃል? ውሃው የሚደርሰውን ልጅ ምረጥና ልጫን።» ጭነቱ ቆየ።

በማግስቱ የመንገዱን ጠርሙስ ራሳቸው ይዘው ሲሬ ሄዱ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ደረታቸውን ያዛቸው። አብራቸው የሄደችውን ረዳታቸውን ወይዘሮ እማዋይሽን «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አትነቅንቂው» ማለታቸውን ሰምተናል። እሷ ግን እሳቸውን ደግፋ ስትወርድ ጠርሙሱ ከተሳፋሪ ወደ ተሳፋሪ ተላለፈ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያለ እያንዳንዱ ነቀነቀው። ክፋት አልነበረበትም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ዐረፉ፤ ጠርሙሱም የሚናገረው አልቀረውም።

ከቀብር መልስ ጭነቱን ስለ መላክ ተሰብስበን ነበር። አቶ አበጋዝ «እኔ ዛሬ ይጫን አልልም» አሉ። ወይዘሮ እማዋይሽ ከዚያው ድስት ሌላ ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አቁማለች። መለያየት አለመለያየቱ እስኪታይ ጭነቱ አይንቀሳቀስም። የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ድርቤ እዚያው የሚፈላ ዱቄት በበቅሎ ጭና ወደ ኑኑ ቁምባ ሄዳለች፤ ለጥቂቶቹ ይበቃ ይሆናል፣ ለሁሉም አይበቃም። የቀሩት ልጆች እናቶች በእኛ ቢያዝኑ እንዴት እንፈርድባቸዋለን? ምግቡ ዘግይቶ ቢደርስም ልጅ ይጎዳል፣ ተለያይቶ ቢደርስም ይጎዳል። ስንቸኩል የራበው ልጅ አሳዝኖን ነው ወይስ ጭንቀቱን ከራሳችን ላይ ልናወርድ? እያንዳንዳችን ይህን ራሳችንን ጠይቀናል። ጸልየናልም። እግዚአብሔር ግን ዓይን ሰጥቶናልና፣ በዓይናችን ማየቱ የእኛ ድርሻ ነው።

ለባለቤታቸው ለአዴ ወርቂቱ ጉሉማ፣ ለልጆቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንለምናለን። እግዚአብሔር የኦቦ ጆቴን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ።

ለቀስተኛ የምንቀበለው ባኬ ጃማ ሰፈር በሚገኘው የማኅበሩ ቤት ነው። ሌላ ክፍል ስለሌለን ሰው የሚቀመጠው መደርደሪያው ባለበት በዚያው ክፍል ይሆናል። ጠርሙሱን ወደ ጓዳ እናንሣው ብንል አዴ ወርቂቱ አልፈቀዱም። «ካነሣችሁት ተነቀነቀ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ሥራውን አትንኩብኝ» ብለውናል። ስለዚህ ልታጽናኑን የምትመጡ ሁሉ፣ ወለሉ ሳንቃ ነውና ቀስ ብላችሁ እንድትገቡ፣ ደረት መምታቱና ወለሉን በእግር መደብደቡ ቀርቶ ተቀምጣችሁ እንድታለቅሱ፣ ወደ ጠርሙሱም ብትቀርቡ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ እንድታዩት በትሕትና እንለምናለን።