ለአሚን የተተወ ቦታ

ውድ ወንድሜ ዓሪፍ፣

ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ብለው ያስተማሩኝ ከስምንተኛ ክፍል ሳላቋርጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስላልተማርኩ ሌላውን እንደመጣልኝ ቻለው። ሙሽራው፣ ከረባትህን ፈታህ ወይስ አሁንም አንገትህን እንዳነቀህ ነው? በደወልኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ነኝ» ስለምትለኝ ነው የጻፍኩልህ። ይህን የሚያደርስልህ የማንጎ መኪናው ሹፌር ገበየሁ ነው።

«ቤት ያሉትን ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች ገጣጥመህ አንድ ፋይል አድርግልኝ፣ ሠርጌ ላይ በትልቅ ስክሪን ይታያል» ያልከኝ ቀን እንዴት እንደኮራሁ አታውቅም። ስልኬ ላይ ያለውን ሁሉ ሰበሰብኩ። በኢድ ነጭ ጀለቢያህ ላይ ሾርባ ደፍተህ እኔን ስትቆጣ፣ ወልድያ ስትመረቅ ቆብህን ወርውረህ ሰው ራስ ላይ ስታሳርፈው፣ አባ አህያዋ ላይ ማንጎ ሲጭኑ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ስኮረኩራት። ሮቤል ስልክ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተጎልቼ አንዱን ካንዱ ቀጠልኩት።

አባ ግን በቪዲዮ ሳይሆን ራሳቸው አዲስ አበባ መምጣት ነበር የፈለጉት። «መንገዱ አይመችም አባ፣ ይደክማሉ» አልካቸው። ያን ሰሞን የመርሳ ማንጎ በየቀኑ አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ለማንጎ የተመቸ መንገድ ለአባትህ ጠበበ። እሳቸው ደግሞ አመኑህ፤ እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። «እንግዲያው ዱዓዬ ይሂድለት፣ ቅረጸኝ» አሉኝ።

ጥምጣማቸውን አስተካክለው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ትዳራችሁን ያጽናው» አሉና ዝም። የረሱ መስሎኝ፣

«አባ፣ ይቀጥሉ እንጂ፣ ባትሪ እየበሉብኝ ነው» አልኳቸው።

«ሰዉ አሚን እስኪል እየጠበቅኩ ነው።»

«እኔ ልበልልዎት?»

«አንተ ዝም በል። የእነሱ ቦታ ነው።»

እንደገና ጀመሩ። አንድ መርቀው ይጠብቃሉ፣ ሌላ መርቀው ይጠብቃሉ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊታቸው የተቀመጠ ይመስል። እኔ እንኳ አልሳቅኩም፤ እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ።

ገጣጥሜ ብልክልህ የሰጠኸኝ መልስ ቴሌግራሜ ላይ እስካሁን አለ፣ በገዛ ድምፅህ። «ዛኪሬ፣ የአባን አውጣው፣ ዝምታ በዝቶበታል፣ እንግዳው ይሰለቻል። የአህያዋንም አውጣ፣ የሙሽራዋ ቤተሰቦች ያያሉ።» አህያዋ ነግሬያት ብዙም አልከፋትም። ለአባ ግን መንገር አቃተኝ። አልቆርጥም ብዬ ሙሉውን መልሼ ብልክልህ አንተው ቆረጥከው።

ከሠርጉ በኋላ አባ ጠዋት ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆኑ። «ዱዓዬ ላይ ሰዉ አሚን አለ?» ይሉኛል። ነገ አሳይዎታለሁ እያልኩ አመላልሳቸው ጀመር። የሠርጉን ቪዲዮ ስትልክልኝ ከፈትኩት፤ የማላውቃቸው ሼኽ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አዳራሹ በአንድ አፍ አሚን ይላል። በትክክል እንደ አባ ልብ። ለሌላ ሰው መሆኑ ነው እንጂ።

ሮቤል ቤት ተመልሼ አሚኖቹን አንድ በአንድ እየቆረጥኩ በአባ ዝምታዎች ውስጥ መሰካት ጀመርኩ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለኝ ሮቤል።

«አባቴን ሠርግ እየወሰድኩ።»

«በምን መኪና?»

«ባንተ ኮምፒውተር።»

አባ አዩት። ከዚያ ጎረቤታችንን ሀስናን ጠሩ። «ነይ እይ፣ ያ ሁሉ የከተማ ሰው ለኔ አሚን ሲል» አሏት። እሷም አለቀሰች። ስንት ሰው አታልዬ መሬት ላይ እየተንከባለልኩ ስቄያለሁ፤ ይህኛው ግን አላሳቀኝም።

አንዲት ቦታ ሳልሞላ ተውኩ። መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ እኔ ያላየሁትን አላህ ያሳይህ» ብለው የሚጠብቁባትን። እሷ ላይ ያንተን አሚን ልገጥም ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል አንተ ስልክህን ነበር የምትነካካው። የሌላ ሰው አሚን ልለጥፍባት ብል እጄ እምቢ አለኝ።

አባ ደግሞ አላለፏትም። «እዚህ ጋ ምነው ዝም አሉ?»

«ኔትወርክ ነው አባ።»

«ሲመለስ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ስለዚህ ደውልላቸው። ዱዓዬ ታየ ወይ ካሉህ ታየ በል። ትልቁን ውሸት እኔ ሠርቼልሃለሁ፣ ላንተ የተረፈችህ አንዲት ቃል ናት። ስብሰባ ከበዛብህም ግን አትጨነቅ፤ ስምህን በክፉ አያነሱትም። እስከ ዛሬ የሚረግሙት ኔትወርኩን ብቻ ነው።

አህያ ኮርኳሪው ወንድምህ
ዛኪር፣ ከመርሳ